ድሬዳዋ ላይ የሚገነባ ፈጣን የመኪና ቻርጅ ማድረጊያ፦ «መቼ ይከፈታል?» ለምትሉ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬ ላይ የኤሌክትሪክ መኪና የያዘ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስለ መክፈቻው ቀን ነው፤ ምን ማየትና ማንን መጠየቅ እንዳለበት ያወቀ ግን ግንባታው የት እንደደረሰ ራሱ ሊያውቅ ይችላል።

ፈጣን ቻርጀር የሚባለው ቤቴ ካለው በምን ይለያል?

ቤት የምንሰካው ኤሲ (አቅጣጫው የሚቀያየር ኮረንቲ) ነው። ባትሪ የሚቀበለው ደግሞ ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ ኮረንቲ) ብቻ ነው። ስለዚህ መኪናው ውስጥ ያለ ትንሽ መሣሪያ ኤሲውን ወደ ዲሲ ይቀይረዋል። የዚህ መሣሪያ አቅም ውስን ስለሆነ ነው ሌሊቱን ሙሉ ሰክተን የምናድረው። ፈጣን ቻርጀር ይህን ሥራ ከመኪናው ውጭ፣ ቁም ሳጥን በሚያህል መሣሪያ ውስጥ ይጨርስና ዲሲውን በቀጥታ ለባትሪው ይሰጣል።

በቁጥር እንየው። 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ከ20 ወደ 80 ከመቶ ለመድረስ 36 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈልጋል። በ220 ቮልት 32 አምፔር በሚስብ የቤት ቻርጀር፣ ማለትም በ7 ኪሎ ዋት ገደማ፣ ይህ ከአምስት ሰዓት በላይ ይፈጃል። 120 ኪሎ ዋት በሚሰጥ ፈጣን ቻርጀር፣ መኪናው መቀበል ከቻለ፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው።

ቤታችን ቻርጅ እያደረግን አይደል? ለድሬ ምን ያደርግላታል?

ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚነዳና የራሱ ግቢ ላለው ሰው እውነትም ቤት ይበቃዋል። ከከዚራ ሳቢያን ደርሶ መመለስ ባትሪ አይጨርስም። ግን ስንቶቻችን ነን የራሳችን ቆጣሪ ያለን? አንድ ግቢ ውስጥ አምስትና ስድስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ በሚኖርበት ቤት መኪና ልሰካ ማለት ከአከራይም ከጎረቤትም ያጣላል። መስመሩም አይችለውም።

ሁለተኛው ነገር መንገዱ ነው። ድሬ ከአዲስ አበባ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በሌላ በኩል ወደ ደወሌና ጅቡቲ የሚወስደው የክፍያ መንገድ ይነሳል። በደንገጎ በኩል ደግሞ ሐረር አለች። ሦስቱም መንገድ የሚገናኘው እዚህ ነው። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ስለከለከለ አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው ከሞላ ጎደል የሚገዛው ኤሌክትሪክ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. በቴሌብር የሚከፈልበት ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያ ከፍቷል። ድሬም የምሥራቁ መንገድ ዋና ማረፊያ እንደመሆኗ ይገባታል ባይ ነኝ።

ግንባታው ከምን ተነስቶ ምን ላይ ያልቃል?

መጀመሪያ ቦታና ፈቃድ ነው። ቀጥሎ ለመብራት ኃይል የኃይል ጥያቄ ይቀርባል። ባለሙያ መጥቶ መስመሩ የሚችለውን ይለካል፣ ግምት ይወጣል፣ ክፍያ ይፈጸማል። ይህ ሁሉ ወረቀት ስለሆነ ከውጭ ሲታይ ቦታው ባዶ መሬት ነው። «ምንም አልተጀመረም» የምንለው ብዙ ጊዜ በዚህ ወቅት ነው።

ከዚያ ቆርቆሮ አጥር ይታጠራል፣ መሬቱ ይደለደላል። ወፍራም ኬብል የሚያልፍበት ቦይ ይቆፈራል፣ የፕላስቲክ ቱቦ ይቀበራል፣ ለእያንዳንዱ ቻርጀር የኮንክሪት መቀመጫ ይፈሳል፣ ግራውንዲንግ (ያመለጠ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦና ዘንግ) ይገባል። ቀጥሎ ትራንስፎርመር ይመጣል፣ ቻርጀሮቹ ይተከላሉ፣ ጣራ ይሠራል። በመጨረሻ ከመብራት መስመሩ ጋር ይገናኛል፣ ቆጣሪ ይገባል፣ ይፈተሻል፣ የክፍያው ሲስተም ይገናኛል። እነዚህ የመጨረሻዎቹ በፎቶ አያምሩም። ግን መኪና የሚሞላው በእነሱ ነው።

ከአጥር ውጭ ቆሜ ምኑን ልይ?

ጣራውን አትዩ። የድሬን ፀሐይ የሚያውቅ ባለሀብት ጣራውን ቀድሞ ቢያቆም አይገርምም። ብረትና ቆርቆሮ በሳምንታት ይቆማል፣ ስለ መብራቱ ግን ምንም አይነግራችሁም።

ወለሉን ተመልከቱ። የኮንክሪቱ መቀመጫ ላይ አራት ቡሎን ቀጥ ብሎ ወጥቶ፣ መሐሉ ላይ አፉ በፕላስቲክ የታሰረ ወፍራም ቱቦ ካያችሁ የመሬቱ ሥራ በደንብ ሄዷል። ቱቦው ታስሮ መቆየቱ ራሱ ጥሩ ምልክት ነው። አሸዋና ቆሻሻ ከገባበት በኋላ ኬብል መሳብ ፈተና ነው። ቦዩ ተደፍኖ ንጣፍ ከለበሰ ደግሞ ኬብሉ ገብቷል፣ ካልሆነም ቱቦው ተቀብሮ አልቋል ማለት ነው።

ቀጥሎ ትራንስፎርመሩን ፈልጉ። ምሰሶ ላይ ሊሰቀል ወይም መሬት ላይ በብረት ሳጥን ሊቀመጥ ይችላል። ጎኑ ላይ ሰሌዳ አለው፣ አቅሙም እዚያ በኬቪኤ (kVA፣ የትራንስፎርመር አቅም መለኪያ) ተጽፏል። ከቻላችሁ ያን ቁጥር አንብቡ። ሰው በጠዋት መሄዱም ጥሩ ነው፤ ቀትር ላይ ድሬ ውስጥ ሳይት ላይ ሥራ ይቀዘቅዛል፣ ሠራተኛው ጥላ ይዟል።

ቻርጀሮቹ ከተተከሉ ቆዩ፤ ለምን ሥራ አይጀምሩም?

በብዛት የሚመጣልኝ ጥያቄ ይህ ነው። አጭሩ መልስ፦ ቻርጀር ማስመጣትና መትከል ቀላሉ ክፍል ነው። በመርከብ ይመጣል፣ በክሬን ይወርዳል፣ በቡሎን ይታሰራል። ከባዱ ኃይሉ ነው።

እንቁጠረው። አራት ባለ 120 ኪሎ ዋት ቻርጀሮች በአንድ ጊዜ ሲሠሩ 480 ኪሎ ዋት ይስባሉ። ለመብራት፣ ለማቀዝቀዣና ለመጠባበቂያ ሲታሰብበት 630 ኬቪኤ ትራንስፎርመር ይጠይቃል። ሰፈራችን ምሰሶ ላይ የምናየው ብዙ ጊዜ 100፣ 200 ወይም 315 ኬቪኤ ነው፣ እሱም ቀድሞ በቤትና በሱቅ ተይዟል። ስለዚህ ጣቢያው ከ15 ወይም ከ33 ኪሎ ቮልቱ መስመር በቀጥታ የሚወስድ የራሱ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። ትራንስፎርመሩ መገዛት አለበት። መስመሩ አጠገቡ ከሌለ ምሰሶ ተተክሎ መዘርጋት አለበት። ለማገናኘትም መስመሩ ለጊዜው ይቋረጣል፣ ስለዚህ ፕሮግራም ይያዝለታል።

ያም አልቆ ቆጣሪው ይቀራል። እንዲህ ያለ ትልቅ ደንበኛ የሚቆጠርበት ቆጣሪ ከቤታችን የተለየ ነው። ገብቶ፣ ተስተካክሎ፣ በመብራት ኃይል ሰዎች ማኅተም ይታሰርበታል። የቆጣሪው ሳጥን ላይ ያ ማኅተም ከታየ በሩ አጠገብ ደርሳችኋል። ቻርጀሮቹ በላስቲክ ተሸፍነው፣ ስክሪናቸው ጨልሞ ከሆነ ግን የምረቃ ሪባን አይሸውዳችሁ።

ሕዳሴ ግድቡ ተመርቆ የለ? መብራት ሞልቶ እያለ ለምን ይዘገያል?

ታላቁ ሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፣ ከ5,000 ሜጋ ዋት በላይ የማመንጨት አቅም አለው። ግን ማመንጨት አንድ ነገር ነው፣ ሰፈር ድረስ ማከፋፈል ሌላ። ጎተራው ሙሉ ስለሆነ ብቻ ገበታ ላይ እንጀራ አይገኝም።

በልማድ ሁሉንም «መብራት ኃይል» እንላለን እንጂ ሥራው በሁለት ተቋም የተከፈለ ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ያመነጫል፣ በከፍተኛ መስመር ያስተላልፋል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ደግሞ ከማከፋፈያው ወዲህ ያለውን መስመር፣ ትራንስፎርመርና ቆጣሪ ይይዛል። የቻርጅ ጣቢያ ጉዳይ በአብዛኛው የሚያልቀው በሁለተኛው ዘንድ ነው።

ባቡሩ በኤሌክትሪክ አይደል የሚሄደው? ከዚያ ቢጠለፍስ?

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ድሬ ላይ ሁሌም ይነሳል። አይሆንም። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር የሚሠራው በ25 ኪሎ ቮልት ኤሲ፣ ከሐዲዱ በላይ በተዘረጋ አንድ ሽቦ ነው። ያ ነጠላ ፌዝ (ኃይል የሚመጣበት አንድ መስመር ብቻ) ነው። ፈጣን ቻርጀር ደግሞ ሦስት ፌዝ፣ 380 ቮልት ይፈልጋል። ባቡሩ የራሱ ማከፋፈያዎች አሉት፣ ጭነቱም ከፍና ዝቅ የሚል ነው። ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ቻርጅ ማድረጊያ መሥራት ይቻላል፣ ለመንገደኛም ይመቻል። መብራቱ ግን ከከተማው መስመር ነው የሚመጣው።

ጣቢያው ሲጀምር የሰፈራችን መብራት ይዳከማል?

የራሱ ትራንስፎርመር ካለው የቤታችሁን ቮልት እንደ ድሮው ብየዳ ቤት አይጎትተውም። መስመሩ ራሱ ቀድሞ የተጨናነቀ ከሆነ ግን ሊሰማ ይችላል። ለዚህ ነው ኃይል ከመሰጠቱ በፊት መስመሩ የሚጠናው። ጣቢያው ከሰፈር ትራንስፎርመር ላይ በቀጥታ ሲቀጠል ካያችሁ ለመጠየቅ ሙሉ መብት አላችሁ። የብዙ ቤት ፍሪጅና ቴሌቪዥን ጉዳይ ነው።

ለድሬ ሙቀትና ጎርፍ የተለየ ነገር ያስፈልጋል?

በጣም። ግንባታ ስትከታተሉ ከምንም በላይ ይህን እንድታዩ እፈልጋለሁ። ፈጣን ቻርጀር ራሱ ይሞቃል፣ ሲበዛበትም ራሱን ለመጠበቅ የሚሰጠውን ኃይል ይቀንሳል። ብዙዎቹ እስከ 50 ዲግሪ ድረስ እንዲሠሩ ተደርገው ይመረታሉ። ድሬ ላይ ግንቦትና ሰኔ ጥላ ውስጥ 35 ዲግሪና ከዚያ በላይ ነው። ፀሐይ የሚያርፍበት የብረት ሳጥን ውስጡ ስንት እንደሚደርስ አስቡት። ስለዚህ ጣራው ለመኪናው ብቻ ሳይሆን ለቻርጀሩም ጥላ መስጠት አለበት። አየር የሚያስወጣበት ጎን ከግድግዳ ጋር መጣበቅ የለበትም። አቧራ ማጣሪያውም በየጊዜው መጽዳት አለበት።

ግራውንዲንግ ሌላው ነው። ደረቅና አሸዋማ መሬት ኤሌክትሪክን በደንብ አይቀበልም፣ ስለዚህ የመዳብ ዘንጎቹ ከተለመደው በላይ ጠለቅና በዛ ብለው መግባት አለባቸው። ይህ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው። ዝናብ ላይ መሰኪያውን የሚይዘው የእናንተ እጅ ነው።

ጎርፉን ለድሬ ሰው መንገር አያስፈልግም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ለወንዙ ቅርብ የሆነ ቦታ ላይ ቻርጀሮቹ የተቀመጡበት ኮንክሪት ከመንገዱ ከፍ ማለት አለበት። ትራንስፎርመሩና ቆጣሪውም እንዲሁ። ከመሬት እኩል የሆነ መቀመጫ ካያችሁ ሲሚንቶው ሳይደርቅ ተናገሩ።

የት እንደደረሰ ማንን ልጠይቅ?

ከሰሌዳው ጀምሩ። ሳይት በር ላይ የባለቤቱ፣ የተቋራጩና የአማካሪው ስም የሚጻፍበት ሰሌዳ ይኖራል። ስልክ ካለበት ደውሉ። በአገር ደረጃ ዘርፉን የሚቆጣጠረው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። የግንባታ ፈቃዱ ደግሞ የከተማ አስተዳደሩ ጉዳይ ነው። መብራት ኃይል ቢሮ ሄዳችሁ የሌላ ሰውን ፋይል ብትጠይቁ ላይነግሯችሁ ይችላሉ፣ ይህም ያለ ነው።

ከሁሉም የሚሻለው ሳይት ላይ ያለውን ኤሌክትሪሻን ማግኘት ነው። «መቼ ነው የሚከፈተው?» ብላችሁ አትጠይቁት። መልሱ «በቅርቡ፣ ኢንሻአላህ» ነው፣ ለስድስት ወርም ያው ነው። ይልቅ እንዲህ በሉት፦ «ወንድሜ፣ ትራንስፎርመሩ ኃይል ገብቶለታል? ቆጣሪውስ ታስሯል?» ለዚህ «አዎ» ወይም «አይ» ይላችኋል። ሁለቱም «አዎ» ከሆኑ የቀረው ፍተሻና የክፍያ ሲስተም ነው። አንዱ «አይ» ከሆነ ቀን አትቁረጡ።

ፎቶ አንስቼ ለሌሎች ባለ መኪናዎች ብልክስ?

ብትልኩ ጥሩ ነው፣ ግን አስፈቅዱ። የመብራት መሠረተ ልማት ላይ ካሜራ ማውጣት ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል። ዘበኛውን «ጋሼ፣ አንድ ፎቶ ላንሳ?» ማለት አይከብድም። ካልፈቀዱም በጽሑፍ ያያችሁትን ንገሩ። ሁልጊዜ ቀኑን ጻፉበት። ቀን የሌለው ፎቶ ከወር በኋላ እንደ አዲስ ሲዘዋወር ሰው ያሳስታል። «ተከፈተ አሉ» ደግሞ መረጃ አይደለም። «ዛሬ ጠዋት ቆሜ አንድ መኪና ሲሞላ አየሁ» መረጃ ነው።

መሰኪያው ለመኪናዬ ይሆናል?

እዚህ አገር ያሉት አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው። የቶዮታና የቮልስዋገን ስም ያላቸውም ጭምር። የእነዚህ መሰኪያ ጂቢቲ ይባላል። ለፈጣኑ የሚሆነው ክብ ሆኖ ዘጠኝ ቀዳዳ ያለው ነው፣ የቤቱ መሰኪያም ለብቻው ነው። ለአውሮፓ የተሠሩት ሲሲኤስ ቱ አላቸው፤ ላይኛው ክብ ሰባት ቀዳዳ፣ ከሥሩ ሁለት ትልልቅ ቀዳዳ።

የመኪናችሁን ክዳን ከፍታችሁ እዩ። ከዚያ ሳይቱ ላይ የተተከለውን ቻርጀር ኬብል ጫፍ ተመልከቱ። ቻርጀሮቹ ከመታዘዛቸው በፊት ብትጠይቁ ደግሞ ይሻላል። መለወጫ ይሸጣል፣ ግን በዚህ ያህል ኃይል ላይ ርካሽ መለወጫ ሲቀልጥ መኪናም ሰውም ይጎዳል።

እስኪከፈት ሐረር ደርሼ ብመለስ ባትሪ ይበቃኛል?

ይበቃል፣ አቀበቱን አስባችሁ ከወጣችሁ። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ነው፣ በመንገዱ ላይ ያለችው ሐረማያ ደግሞ 2,000 ገደማ። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ያን 800 ሜትር ለመውጣት ብቻ ከ4 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይጨርሳል፣ የ50 ኪሎ ሜትሩ መንገድ የራሱ ፍጆታ ሳይቆጠር። በ60 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ላይ ለመሄጃው በጠቅላላ አንድ አምስተኛ ያህል ያዙለት።

ሲመለሱ ቁልቁለቱ ባትሪውን መልሶ ይሞላል። ለዚህ ግን ቦታ ሊኖረው ይገባል። ሐረር ላይ 100 ከመቶ ሞልታችሁ ከወረዳችሁ መኪናው መልሶ የሚሞላበት ቦታ ስለሚያንሰው የደንገጎን ቁልቁለት ይበልጥ በፍሬን ልትወርዱት ትችላላችሁ። 85 ወይም 90 ላይ አቁሙት።

«ተመርቋል» ተብሏል። ከአዲስ አበባ በሱ ተማምኜ ልነሳ?

ምረቃ ማለት ሥራ ጀመረ ማለት አይደለም። ሥራ ጀመረ ማለትም እናንተ ስትደርሱ ይሠራል ማለት አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ሲስተም ይወድቃል፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ክፍያ አያልፍም፣ መብራት ሲቋረጥ ደግሞ ትልቅ ጀነሬተር ከሌለ ሁሉም ይቆማል። ጀነሬተር ቢኖርም ሁሉንም ቻርጀር ላይችል ይችላል።

ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ድሬ ያለ ሰው በዚያው ቀን እንዲያጣራላችሁ አድርጉ። ድሬ ስትደርሱ ባትሪው ባዶ እንዳይሆን ከመንገድ ላይ ቀድማችሁ ሙሉ። ዘመድ ቤት ወይም ሆቴል የሚሰካበት ቦታ መኖሩንም አረጋግጡ። ልጅና እናት ጭናችሁ በበረሃ መንገድ ላይ በወሬ መተማመን አያስፈልግም።

120 የተባለው ቻርጀር 45 ብቻ ይሰጠኛል። ተታለልን?

ላይሆን ይችላል። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር የሚወሰነው ከቻርጀሩና ከመኪናው አቅም በሚያንሰው ነው። መኪናችሁ ከ60 ኪሎ ዋት በላይ የማይቀበል ከሆነ ቻርጀሩ ምንም ቢሆን ከዚያ አያልፍም። ሁለት ኬብል ያለው ቻርጀር ላይ ሌላ መኪና ከተሰካ 120ው ለሁለት ይከፈላል። ባትሪው 80 ከመቶ ሲያልፍ መኪናው ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ቀትር ላይ ደግሞ ባትሪውም ቻርጀሩም ይሞቃሉ።

ለመለየት አንድ ጠዋት፣ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ባትሪው ከ20 እስከ 40 ከመቶ መሐል ሳለ ለብቻችሁ ሰክታችሁ ሞክሩ። የመኪናችሁን ከፍተኛ መጠን ከመመሪያው እዩና ስክሪኑ ላይ ካለው ጋር አወዳድሩ። በዚያም ሰዓት ግማሹን እንኳ ካልሰጠ፣ ሌላ መኪና ያለው ሰውም ያንኑ ካየ፣ ችግሩ ከጣቢያው ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የቻርጀሩን ቁጥርና የስክሪኑን ፎቶ ይዛችሁ ለባለቤቱ አመልክቱ። ትራንስፎርመሩ ላይ ያነበባችሁትን የኬቪኤ ቁጥርም ጨምሩበት፤ ቻርጀሮቹ በጠቅላላ ከሚጠይቁት ያነሰ ከሆነ ምክንያቱ እሱ ሊሆን ይችላል።